የታሸገው ሪል

ድንጋዩ ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው ጋሽ መኰንን ናቸው፤ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በስደት መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆቴል እንግዳ ከአየር ማረፊያ ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር፣ አሁን ጸጥታውን ወደው ከላስ ቬጋስ ወጣ ባለችው ቦልደር ሲቲ የሚኖሩ። ሁለተኛዋ ሰናይት ናት፤ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ታድላለች፣ ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፣ ምላሷ ደግሞ ከጣቶቿ ይብሳል። ሦስተኛው ዘሪሁን ነው፤ የሆቴል ምግብ አብሳይ፣ እሁድ እሁድ ቸርች የሚዘምር፣ ትከሻው የበር ስፋት ያለው ሰው። አራተኛው እኔ ብሩክ ነኝ። አምስተኛ ሰው አልነበረም። ይህን የማነሳው ወሬው ከተሰማ ወዲህ «እኔም እዚያ ነበርኩ» ያሉ ሁለት ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው።

የምጽፈው ከእኛ በኋላ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ለያዛችሁ ታናናሾቻችን ነው። «ለባሕር የትኛው ሪል ይሻላል? እንዴት ይታጠባል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሁልጊዜ የምመልስላችሁ በሁለት መስመር ነው። ረጅሙ መልስ ይህ ነው፤ እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ስላፈርኩ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2020፣ የኮሮና ዓመት ነው። ካዚኖዎቹ መጋቢት ላይ ሲዘጉ እኔ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ላውንድሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። አንሶላ፣ ፎጣ፣ የጠረጴዛ ልብስ። «እንጠራሃለን» ተባልኩና ስፕሪንግ ቫሊ ካለው አንድ ክፍል አፓርታማዬ ገባሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው። ከማንም ጋር የተጣላሁ አልነበርኩም፤ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም፣ ያ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ማታ ላይ ድምፄን የምሰማው ስልክ ላይ ለተቀረጸ ማሽን የሥራ አጥ ድጎማ ቁጥሬን ስናገር ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ የተጣለ ዘንግ አገኘሁ፣ ሪሉ እንደ ታሰረበት። ለማያውቅ፣ ሪል ማለት ከዘንጉ ሥር የሚታሰረው ክር መጠቅለያ ማሽን ነው። አልዞር ብሎ ነበር። ነጭ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ፈታሁት። እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቅደም ተከተል አስቀመጥኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ በእርሳስ ቁጥር ጻፍኩ። አስተማሪ አልነበረኝም። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጠምኩት፤ በሦስተኛው ዞረ። የዞረበትን ድምፅ ሰምቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

በዚያ በጋ ብዙ ሰው ውጪ መገናኘት ብቻ ነበር የሚችለው፤ እኛም ከቦልደር ሲቲ በታች ባለው ሐይቅ ዳር፣ እየተራራቅን ቆመን ዓሣ ማጥመድ ጀመርን። ጋሽ መኰንንን የተዋወቅኩት እዚያ ነው፤ ሰናይትንና ዘሪሁንን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ሪላቸው ሲበላሽ እኔ እጠግናለሁ። ሰናይት «መሐንዲሱ» ብላ ስም አወጣችልኝ።

«መሐንዲሱ፣ ስታወራ እንኳ ብሎን እየቆጠርክ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ደስ ይለኝ ነበር። የሚቀልድብኝ ሰው ካገኘሁ ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር።

ከዚያ ጋሽ መኰንን ባሕር አማራቸው። የሐይቅ ሪላቸውን ይዘው አንድ ቀን ወደ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ነድተው ሄዱ፣ ተመልሰው ሪሉን ጋራዥ ውስጥ ሰቀሉት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እጀታው እንደ ዛገ በር አልንቀሳቀስ አለ። የባሕር ውሃ እንዲህ ነው። ራሱ ይደርቃል፣ ጨዉ ግን ይቀራል፤ ጨዉ ደግሞ ከአየሩ ላይ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል።

«ውሃ የማያስገባ ምረጥልኝ» አሉኝ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ለእናንተም የምላችሁ ያኔ የተማርኩትን ነው። አካሉ ከፕላስቲክ ሳይሆን ከአሉሚኒየም የተሠራ ይሁን፤ ፕላስቲክ አይዝግም፣ ትልቅ ዓሣ ሲጎትተው ግን ይጣመማል፣ ውስጡ ያሉት ጥርሶችም ይዛነፋሉ። ኩሽኔታዎቹ የማይዝግ ብረት መሆናቸውን እዩ። ክሩ የሚያልፍባትን ትንሿን መዘውር በጣታችሁ አዙሩ፤ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት። ከሁሉም በላይ ድራጉን እዩ። ድራግ የሚባለው፣ ዓሣው ሲሮጥ ክሩ ሳይበጠስ እየተንሸራተተ እንዲወጣ የሚያደርገው ክፍል ነው። ሪሉ አናት ላይ ባለች ክብ ቁልፍ ይጠብቃል፣ ይላላል።

ጋሽ መኰንን ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ፣ «ፍሬን በለኛ! ምን ታንዛዛዋለህ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአራታችንም ስሙ ፍሬን ሆነ።

የመረጥኩላቸው ሪል በየመጋጠሚያው የጎማ ቀለበት ያለው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ሳጥኑን አነበቡ።

«የታሸገ፣ ይላል።»

«አዎ ጋሼ።»

«እንደ ውሃ?»

«እንደ ውሃ። የዚህ ግን ውሃው ውጪ ነው የሚቀረው።»

ሳቁ። ሰናይትና ዘሪሁንም ተመሳሳዩን ገዙ። እኔም ገዛሁ።

መስከረም መጀመሪያ ላይ አራታችንም ወደ ባሕሩ ሄድን፤ ጸጥ ያለ ቀን ነበር፣ ትንንሽ ዓሣ ያዝን፣ ተመለስን። አራቱንም ሪል እኔ ልጠባቸው ብዬ ወሰድኳቸው። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

እኔ የላውንድሪ ሰው ነኝ። እልኸኛ እድፍ ሲመጣ የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ መዘፍዘፍ። ወይን የፈሰሰበት የጠረጴዛ ልብስ ይዘፈዘፋል፣ ያድራል፣ ጠዋት ንጹሕ ነው። ጨውም እድፍ ነው አልኩ። በረሃውን አምስት ሰዓት አቋርጦ የመጣው የመኪናው ዕቃ መጫኛ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር፤ ሪሎቹ በእጅ አይያዙም። እንደዚያው እንደ ጋሉ የቤቴ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁና ዘፈዘፍኳቸው። አደሩ። ጠዋት በረንዳ ላይ በፎጣ አሰጣኋቸው። የእኛን ከተማ ፀሐይ ታውቃላችሁ፤ ጂንስ ሱሪ በሃያ ደቂቃ ይደርቃል። ነካኋቸው፣ ደረቅ ናቸው። ክሩን በእጄ ሳብ አደረግኩ፣ ፍሬኑ ለስለስ ብሎ ሄደ። ቼክ አደረግኩ ብዬ ደብተሬ ላይ ምልክት አኖርኩ።

ያላወቅኩት ይህን ነው። የጋለ ሪል ውስጥ ያለው አየር ተለጥጧል። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይስባል፤ በጎማው ቀለበት በኩል ውሃውን ይመጠዋል። ያ ውሃ ደግሞ የአራት ሪል ጨው የሟሟበት ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ያው ጎማ መውጫውን ይዘጋበታል። የላስ ቬጋስ ፀሐይ የፈለገውን ያህል ትክረር፣ የሚደርቀው ውጪው ብቻ ነው። ከፍቼ አላየሁም። ለምን እከፍታለሁ? የታሸገ ነዋ። በየጨርቅ ከረጢቱ አድርጌ ሰባት ሳምንት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሄድን። ጎህ ሲቀድ በሁለት መኪና ተነሳን፤ እኔ ከጋሽ መኰንን ጋር፣ እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ ወንበር በሰያፍ፣ ጭምብል አድርገን፣ መስኮቱን ከፍተን። ቀትር ከመሆኑ በፊት ባሕሩ ዳር ደረስን። ወደ ውሃው የገባ ረጅም የድንጋይ ግድብ አለ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ መኪና ያህላል። ከታች ያሉት የሚያንሸራትት አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሰዋል፤ ከእነሱ በላይ መቆም እንጂ እነሱን መርገጥ አይገባም።

አየሩ ጥሩ ይመስል ነበር። ንፋሱ ቀላል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ማዕበሉን ግን ቆጠርኩት፤ እኔ መቁጠር ልማዴ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ትንንሽ ይመጣሉ፣ ከዚያ ሦስት ትልልቅ ተከታትለው። የትልልቆቹ አረፋ ዝቃጩ ካለበት በላይ ይወጣል። «ከዚህ መስመር በታች ማንም እንዳይወርድ» አልኳቸው። በባሕር ላይ ዱካ የለም ትሉ ይሆናል፤ አለ። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከግድቡ በስተግራ እየተወረወሩ ይጠልቁ ነበር፤ ትንንሽ ዓሣዎች እንደ ተበተነ ሳንቲም ከውሃው እየዘለሉ ይወጣሉ። ከታች የሚያሳድዳቸው ትልቅ ነገር አለ ማለት ነው። ወደዚያ ወረወርን።

ጋሽ መኰንን ዘንጋቸውን ከወገብ ቀበቷቸው ጋር የሚያስር ገመድ ነበራቸው። ዘንግ ከእጅ አምልጦ እንዳይሄድ ተብሎ የሚሸጥ ነው። እኔ አልወደድኩትም።

«ጋሼ፣ ይፍቱት ይሄን ነገር።»

«ሹፌር ነኝ እኮ። ቀበቶ ሳላስር ነድቼ አላውቅም።»

«ከገመዳቸው ጋር ተዋቸው» አለች ሰናይት ከወዲያ። «ፖሊስ ቢይዛቸውስ?»

ዘንጋቸውን ካዘጋጁ በኋላ ክሩን በእጃቸው ሳብ ሳብ አደረጉና፣ «ብሩኬ፣ ይሄ ፍሬን ጠነከረብኝ» አሉኝ። ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ስድስት እርምጃ ነበር የሚለየን። «ከርሞ ስለወጣ ነው፣ ሲሠራ ይለሰልሳል፤ ትንሽ ያላሉት» አልኳቸው። ሲያላሉት አየሁ።

ፀሐይ ወደ ውሃው ማዘቅዘቅ ስትጀምር ዘንጋቸው ጎበጠ።

ትልቅ ዓሣ ሲይዝ መጀመሪያ የምትሰሙት ድምፅ ነው። ፍሬኑ ጥርርር ይላል፣ ክሩ እየተተረተረ ይወጣል፤ የሰው ልብ የሚዘለው በዚያ ድምፅ ነው። እኔ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩት። አልመጣም። ዘንጉ እስከ እጀታው ጎብጧል፣ ሪሉ ግን ጭጭ ብሏል። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን ያላሉት!»

«አላልቼዋለሁ! አልሄድ አለ!»

«ሙሉ በሙሉ!»

«ሙሉ በሙሉ ነው የምልህ! አንተ ልጅ፣ እየወሰደኝ ነው!»

ክሩ የተፈተለ ነው፤ ከብረት ሽቦ የማይተናነስ፣ በእጅ የማይበጠስ። ዘንጉን ቢለቁት ገመዱ ወገባቸው ላይ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ታች ወረዱ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ሁለተኛው እርምጃ ዝቃጩ ላይ አረፈ። እግራቸው ከሥራቸው ሄደ፣ በጀርባቸው ተንሸራተው በሁለት ድንጋይ መካከል እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። ዓሣው መጎተቱን አላቆመም። ዘንጉ በድንጋዮቹ መካከል ተጋድሞ፣ ገመዱ እንደ ጅማት ተወጥሮ፣ እሳቸውን ወደ ክፍተቱ ይስባቸዋል።

«እመቤቴ!» ሲሉ ሰማኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ።

በቆጠራዬ ስድስተኛው ትንሽ ማዕበል ላይ ነበርኩ። ስንት እንደቀረ አውቅ ነበር። በሆዴ ተኝቼ በጭንቅላቴ ወረድኩና የጃኬታቸውን አንገት በግራ እጄ ያዝኩ። እኔም መንሸራተት ስጀምር ከኋላዬ አንድ ነገር ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቼን ጨመቀ፤ ዘሪሁን ነው። እዚህ ላይ የማልረሳው አንድ ነገር አለ። ከመጋቢት ጀምሮ ሰው ነክቼ አላውቅም ነበር። የማንንም እጅ አልጨበጥኩም፣ ማንም ትከሻዬን አልመታም። ሰባት ወር። በሰባት ወር ውስጥ የመጀመሪያው የነካኝ ሰው ያን ጊዜ እግሬን ጨምቆ የያዘኝ ሰው ነው፤ በዚያ ፍርሃት መካከል እንኳ አንድ የአእምሮዬ ጥግ ይህን ልብ ብሎት ነበር።

በቀኝ እጄ ፍሬኑን ፈለግኩት። ቁልፏ ዞራ ዞራ መጨረሻዋ ላይ ነበረች፣ ላልታ ልትወድቅ። ጋሽ መኰንን እውነታቸውን ነው። ክሩ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ ግን እንደ ተበየደ ቆሟል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ውሃው አፌ ውስጥ እየገባ፣ ያ የቤቴ ገንዳ ታየኝ።

መቀሴ ሳጥኔ ውስጥ ነበር፣ ሳጥኔ ከላይ፣ ሥርዓት ባለው ቦታው። ሰናይት ግን ትንሽ የክር መቀስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው። ማሰሪያውን በጥሳ ወረወረችልኝ፤ ካርታ እንደምታድል፣ መሬት ለመሬት፣ ድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ እጄ ሥር ቆመ። የተወጠረ ክር ብዙ መቁረጥ አይፈልግም። ስለቱ ሲነካው ጧ አለ።

ያኔ የመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል መጣ። ሁላችንንም ሸፈነን። አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ የያዝኩት የጃኬት አንገት ብቻ ነበር። ሲሸሽ ዘሪሁን እየጮኸ ሳበን፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልለየሁትም። ሁለተኛው ማዕበል ሲደርስ ከመስመሩ በላይ ነበርን።

ጋሽ መኰንን ጉልበታቸው ተልጦ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ተንቀጠቀጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ዓሣ ነው? አውቶቡስ ነው የጎተተኝ!» የሚል ነበር። ሰናይት እያለቀሰች ሳቀች። ዘሪሁን ሻርፑን አውልቆ አለበሳቸው።

ዘንጉ በገመዱ ከወገባቸው ጋር እንደታሰረ ወጥቶ ነበር። ልፍታልዎ ብዬ ተንበረከክኩ። አሁን የምጽፈውን ለማንም ሳልናገር ሦስት ወር ተቀምጫለሁ። ሦስቱም ወደ ባሕሩ ሲያዩ፣ ያችን የላላች ቁልፍ በአውራ ጣቴ መልሼ አጠበቅኳት። እጄ በራሱ አደረገው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። አውቄ ነው።

ወደ መኪናው ስንመለስ ዘሪሁን ሪሉን አገላብጦ አየው። «ጋሼ፣ ይኸው፣ ፍሬኑ እኮ ጥብቅ ነው። ያላሉት መስሎዎት አጥብቀውት ነው።»

«አላልቼው ነበር» አሉ። ከዚያ ቁልፏን በጣታቸው ነኩ። «ያላላሁት መስሎኝ ነበር።»

እኔ ዕቃ እየጫንኩ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

አምስቱን ሰዓት መንገድ ሲነዱ፣ በረሃው መሐል፣ «ግራና ቀኝ መለየት ካቃተኝ መንዳቱንም መተው አለብኝ መሰለኝ» አሉ፣ ለመስተዋቱ እንጂ ለእኔ አይመስልም። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የጭንቅላታቸውን ሽበት እያየሁ ሰማሁ።

ቤቴ እንደገባሁ የራሴን ሪል ፈታሁ። ውስጡ ያለው ቅባት እንደ ወተት ነጥቶ ነበር። ውሃ ጠብ አለ። የፍሬኑ ክብ ቁራጮች በጨው ተጣብቀዋል፣ ኩሽኔታው ከሚዞርበት ብረት ጋር ዝጎ አንድ ሆኗል። ፎጣው ላይ ደረደርኳቸው። ፎቶ አላነሳሁም።

ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆምኩ። ጋሽ መኰንን ይደውላሉ፣ አላነሳም። ሰናይት «መሐንዲሱ፣ በሕይወት አለህ?» ብላ ጻፈች፤ «አለሁ» ብዬ መለስኩ፣ ሌላ የለም። ዘሪሁን ለገና መዝሙር ላከልኝ። ብቻዬን መሆን የለመድኩት ነገር ነበር፤ ይኼኛው ግን ሌላ ዓይነት ነው። በፊት የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም፤ አሁን የሚፈልጉኝ ሦስት ሰዎች አሉ፣ እኔ ነኝ ከበሩ ኋላ የቆምኩት።

ጥር መጨረሻ ላይ ዘሪሁን ሌላ መልእክት ላከ። «ቅዳሜ ከሰናይት ጋር ባሕር ልንሄድ ነው። ጋሼ አልሄድም ብለዋል፣ ማጥመድ ትቻለሁ ብለው ያን ሪላቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ከእኔው ሪል ይልቅ ትልቅ ዓሣ የለመደ ነው ሃሃ። ዛሬ እሳቸው ጋ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ፣ ተውኩት። ለዘሪሁን ደውዬ «ሪሉን አትንካ፣ ያንተንም የሰናይትንም ይዘህ ቦልደር ሲቲ ና» አልኩት። ለምን ሲለኝ ዘጋሁት፤ ለጋሽ መኰንንም ሪሉን ይዘው እንዲጠብቁኝ ደወልኩ። ብሎን መፍቻዬንና ነጩን ፎጣ ይዤ ተነሳሁ።

ጋሽ መኰንን ከቤታቸው በታች ባለው መናፈሻ፣ ሲሚንቶ ጠረጴዛው ላይ ጠበቁኝ። የዱር በጎች ከተራራው ወርደው ሣሩን የሚግጡበት ቦታ ነው፤ ያን ቀንም ነበሩ። ሪሉን ከጠረጴዛው መሐል አስቀምጠው እሳቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

«ከሳህ» አሉኝ።

ፎጣውን ዘረጋሁ። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሽፋኑን ሳነሳው ውሃው ፎጣው ላይ ፈሰሰ። ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ውሃውን አዩት። እኔን አዩኝ።

«እኔ ዘፍዝፌው ነው» አልኩ። «ጨው ይለቃል ብዬ። በጋለበት ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ውሃ ገባ፣ ፍሬኑ ነከሰ። እርስዎ አላልተውት ነበር ጋሼ። ሙሉ በሙሉ አላልተውት ነበር። መልሼ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ እንዳይታወቅብኝ።»

አንዱ በግ ቀና ብሎ አየን፣ ከዚያ ወደ ሣሩ ተመለሰ።

«አላልቼው ነበር?»

«አዎ።»

«በእርግጥ?»

«ቁልፏ ልትወድቅ ደርሳ ነበር።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ሦስት ወር ሙሉ የቤቴን በር ቆልፌ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አያለሁ» አሉ። «መርሳት ጀምሬ ይሆናል ብዬ ሐኪም ጋ ብሄድ ሥዕል አሳይቶ ስሙን ጠየቀኝ። ይሄ ዝሆን ነው፣ ይሄ ሰዓት ነው። ታውቃለህ ይሄን?»

«አላወቅኩም።»

«አሁን እወቅ።»

ይቅርታ አላልኩም፤ ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። በኋላ ነው ያልኩት። እሳቸውም ያን ቀን «ይቅር ብዬሃለሁ» አላሉም። ፎጣው ላይ ያለውን ውሃ በጣታቸው ነክተው ቀመሱት፣ ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ጨው ነው» አሉ። «የታሸገ ውሃ ነዋ የመረጥክልኝ!»

ሳቃቸው ሲመጣ አላመንኩም። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓይኔን ነው የጠረግኩት።

ዘሪሁንና ሰናይት ሲደርሱ እዚያው ነገርኳቸው። የሁለቱንም ሪል ጋሽ መኰንን እያዩኝ ፈታሁ። የዘሪሁን ደረቅ ነበር፤ የሰናይት ውሃ ይዟል። ቅዳሜ ልትሄድበት የነበረው ነው። ሰናይት፣ «እኔ መዋኘት እንኳ አልችልም፣ ብሩክ» አለች፤ መሐንዲሱ አላለችኝም። ዘሪሁን ዕቃውን ሰብስቦ ሳይሰናበት ሄደ። ለሁለት ወር አልደወለልኝም። ያስጨነቀው ውሃው አልነበረም፤ በእኔ ዝምታ ምክንያት እኒያን ሽማግሌ «አጥብቀውት ነው» ያላቸው እሱ ነው። መናደድ ይገባዋል።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ መልስ። የታሸገ ሪል ግዙ፣ ጥሩ ነው። ግን የታሸገ ማለት የማይከፈት ማለት አይደለም። ከባሕር ስትመለሱ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይብረድ። ፍሬኑን አጥብቁ፣ ከዚያ እንደ ቀላል ዝናብ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ በኃይል የሚረጭ ውሃ ጨዉን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። አትዘፍዝፉት። በጨርቅ ጥረጉት፣ ፍሬኑን አላሉት፣ ክሩ ያለበትን ማጠንጠኛ አውጥታችሁ ለየብቻ ይደር። ኩሽኔታ ላይ ቀጭን ዘይት፣ ጥርሶቹ ላይ የባሕር ቅባት። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ክፈቱት፤ መክፈት ከፈራችሁ አምጡልኝ፣ አብረን እንከፍተዋለን። በእጅ ሳብ አድርጋችሁም ሠራ አትበሉ። እኔ ውሃ የሞላ ባልዲ ክሩ ጫፍ ላይ አስሬ ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳዬ ወደ ታች እለቀዋለሁ። ባልዲው ሳይንገጫገጭ መሬት ከደረሰ ፍሬኑ ደህና ነው። ጎረቤቶቼ ለምደውኛል። ወደ ላውንድሪው ከተመለስኩ ወዲህም ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን አደርጋለሁ፣ ብዙውን ጊዜ ብቻዬን። አንዳንድ ቀን ጋሽ መኰንን ይመጡና ከታች ቆመው ባልዲውን ይቀበሉኛል።

ከዚያ ሪል የወጣውን አንዱን የዛገ ኩሽኔታ ከቤቴ ቁልፍ ጋር አስሬዋለሁ። በር በከፈትኩ ቁጥር ጣቴ ይነካዋል፤ አይዞርም።

ይህን ለመጻፍ ጋሽ መኰንንን አስፈቅጃለሁ። «ስለ ፍሬኑ ሁሉንም ጻፍ፣ አንድም አታስቀር» አሉኝ። «የዓሣውን ነገር ግን ለእኔ ተወው።» ስለዚህ ስለ ዓሣው አንድም ነገር አልጻፍኩም። እውነቱን ለመናገር ጅራቱን እንኳ አላየሁም።

የቀረውን እናንተ ሦስታችሁ ሙሉበት። ሰናይት፣ መቀሱን ስትወረውሪልኝ የሆነ ነገር ጮኸሻል፤ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ስለነበር አልሰማሁም፣ ምን ነበር? ዘሪሁን፣ እግሬን ከመያዝህ በፊት የት ቆመህ እንደነበር አላውቅም፤ ያን ሁሉ ርቀት እንዴት እንደተሻገርከው ያየህ የለምና አንተው ጻፈው። ጋሼ፣ ከታች አንድ መስመር ባዶ ትቼልዎታለሁ። የዓሣውን ርዝመት እርስዎ ይሙሉት፤ ባለፈው እሁድ ከነገሩን ግን እንዳይበልጥ።